ድንኳኑን ማን ይተክላል?

የዕድሜ እኩዮቼ ሆይ፤ የግቢና የቤት ባለቤቶች፣ የእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች፣ ልጅ ድራችሁ የልጅ ልጅ ያያችሁ የአዲስ አበባ ሰዎች፤ የዛሬው ቃሌ ለእናንተ ነው። ለወጣቱማ መካሪ ሞልቶታል። ሠርግ ላይ እንመክረዋለን፣ ለቅሶ ላይ እንመክረዋለን፣ የእድር ስብሰባ ሲያልቅም «የዛሬ ልጆች» ብለን ጀምረን አንጨርሰውም። እኛን ግን የሚመክር የለም። ዕድሜያችንን አይተው ያፍሩናል፣ ይተውናል። ስለዚህ እርስ በርሳችን ካልተነጋገርን ማንም አይነግረንም። ቅር የሚለው እንደሚኖር አውቃለሁ። ቢሆንም ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ዝም ማለት አልቻልኩም።

ነገሩን በአጭሩ ላስቀምጠው። በግቢያችን ተከራይቶ የሚኖረውን ወጣት ጎረቤት ሆኖ እንዳይሰነብት አድርገነዋል። በየዓመቱ፣ አንዳንዴም በየስድስት ወሩ፣ ፍራሹን አስጠቅልለን እንሸኘዋለን። ከሸኘነው በኋላ ደግሞ «ሰፈር አያውቅም፣ እድር አይገባም፣ ለትልቅ ሰው ደንታ የለውም» ብለን እንወቅሰዋለን። በዚህ ከቀጠልን ስንደክም ደግፎ የሚያነሳን፣ ስንሞት ድንኳን የሚተክልልን ሰው በሰፈራችን አይገኝም። ማስጠንቀቂያዬ ይኸው ነው።

አስቀድመን ወጣቱ ራሱ የሚለውን እንስማ። እኛ «አያገባም፣ አይቆጥብም፣ ከስልኩ ቀና አይልም» እንላለን። ለምን እንደማያገባና እንደማይቆጥብ ቁጭ አድርጎ የጠየቀው ግን ከመካከላችን ጥቂቱ ነው። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኝነት የተቀጠረ፣ በሰፈራችን ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ልጅ ጠይቄ የሰጠኝን መልስ ልንገራችሁ። ስንፍናን ፈልጌበት አላገኘሁበትም። ያገኘሁት ሒሳብ ነው።

በ2018 ዓ.ም. መግቢያ በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ የአንድ አዲስ የዲግሪ ምሩቅ የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። ስንሰማው «እሰይ! በእኛ ጊዜ መቼ እንዲህ ነበር?» አልን። ልጁ ግን እስክሪብቶ አውጥቶ ጻፈልኝ። የሥራ ግብር ይቆረጣል፣ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይቆረጣል። እጁ የሚገባው 8,600 ብር አይሞላም። ከዚህ ላይ ለቤት ኪራይ 5 ሺህ ይከፍላል። ለዚያውም ቤቱ አንድ ክፍል ነው፣ መጸዳጃው የጋራ ነው፣ ጣሪያው ሲዘንብ ያፈሳል። የቀረው 3,600 ገደማ ለሠላሳ ቀን ሲካፈል ለቀን 120 ብር ይደርሰዋል። በዚህ ገንዘብ ቁርስ አለ፣ ምሳ አለ፣ ራት አለ፣ የታክሲ ደርሶ መልስ አለ፣ የስልክ ካርድ አለ፣ ሳሙና አለ። ክፍለ ሀገር ያለች እናቱም አለች። «አባባ፣ ከየትኛው ላይ ልቆጥብ?» አለኝ። እኔም የምመልሰው አጣሁ። እናንተ ካላችሁ ንገሩት።

ይህ እንግዲህ ቋሚ ሥራ ያለው ነው። የግል ድርጅት ውስጥ የሚሠራው፣ ካፌ ውስጥ የሚያስተናግደው፣ ዕቃ በሞተር ሳይክል የሚያደርሰው ከዚህም በታች ሊያገኝ ይችላል። ለግሉ ሠራተኛ በሕግ የተደነገገ ዝቅተኛ ደመወዝ የለንምና። በዚያ ላይ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብሩ አቅም ምን ያህል እንደወረደ የዘይቱንና የመድኃኒቱን ዋጋ አይታችሁ ታውቁታላችሁ። እኛን በጡረታችን ላይ የመታን የኑሮ ውድነት ወጣቱንም ይመታዋል። የሚለየን ነገር ቢኖር እኛ የምንገባበት ቤት ያለን መሆኑ ነው።

ሌላው የመንገዱ ነገር ነው። ኪራይ ሲወደድበት ወጣቱ ወደ ዳር ይወጣል። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ጀሞ፣ ከአያት ወዲያ። ሥራው ግን መሀል ከተማ ነው የቀረው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነስቶ ሰልፍ ይይዛል። ሰልፉ ተጠማዝዞ ጫፉ አይታይም። ታክሲ ሲመጣ ወያላው ግማሽ መንገድ ብቻ ጠርቶ ይጭናል፤ አንዱን ጉዞ ሁለት አድርጎ ሁለት ሒሳብ ለመቀበል ነው። ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር እኛም ተሳፍረን «ተመስገን» ብለን ነበር። ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ተዘርግቷል። ይሁን እንጂ መለዋወጫ እየጠፋ ብዙዎቹ ባቡሮች ቆመው፣ የሚሠሩት ጥቂቶች እስከ በራቸው ታጭቀው ነው የሚያልፉት። ማታ ደግሞ ያው ሰልፍ ተመልሶ ይጠብቀዋል። በቀን ሦስትና አራት ሰዓት መንገድ ላይ የሚያልቅበት ሰው ቤቱ ሲደርስ ለጨዋታ ጉልበት የለውም። «ሰላም ሳይለኝ ገባ» ብላችሁ የተቀየማችሁበት ልጅ ንቋችሁ ላይሆን ይችላል፤ ደክሞት ነው።

ይህ ሁሉ የእኛ ጥፋት ነው አልልም። ደመወዙን የወሰንነው፣ ባቡሩን ያቆምነው እኛ አይደለንም። ነገር ግን የግቢያችን በር ቁልፍ በእጃችን ነው። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የምናገረው ስለዚያ ቁልፍ ነው።

አንዲት ነርስ የነገረችኝን ስሙ። ክፍሉን ስታይ አከራይዋ በሩ ላይ ቆመው ሕጉን ዘረዘሩላት። «ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፤ ሁለት ጄሪካን ትቀጃለሽ፣ ከዚያ በላይ አይሆንም። የእንጀራ ምጣድ አይሰካም። ካውያ እሑድ ብቻ ነው። ልብስ የምታሰጪው በጓሮ በኩል ነው። እንግዳ አያድርም፣ እህትሽም ብትሆን። በር 3 ሰዓት ላይ ይቆለፋል፤ ከዚያ ካመሸሽ ባደርሽበት እደሪ።» ልጅቷ የማታ ተረኛ ነች። ሥራዋን የምትጨርሰው ሌሎች ሰዎች ሲተኙ ነው። ብታስረዳቸውም «ሁሉም እንዲህ ይላል» አሏት። ከዚያ ወዲህ ተረኛ በሆነች ቁጥር መንገድ ዳር ካለ ሱቅ ዘበኛ ጋር ቆማ በር እስኪከፈትላት ስልክ ስትደውል ታመሽ ነበር። ስድስት ወር ሳይሞላት ለቀቀች። እኚያ አከራይ የደም ግፊት በሽተኛ ናቸው። በየሳምንቱ ደም ግፊታቸውን እየለካች፣ መድኃኒታቸው ሲያልቅ ገዝታ የምታመጣላቸው ያችው ልጅ ነበረች። ዛሬ በዚያች ክፍል ሌላ ሰው 1 ሺህ ብር ጨምሮ ገብቷል። ደም ግፊቱን የሚለካ ግን የለም።

እዚህ ላይ ፍረዱ። 1 ሺህ ብር ያተረፉት እኚያ እናት አተረፉ ወይስ ከሰሩ?

ሴቶች ልጆች ሲሆኑ ነገሩ ይብሳል። ብቻዋን ለምትኖር ሴት ቤት ስታከራዩ የጥርጣሬ ጥያቄ ታበዛላችሁ። ማን ይመጣል? የት ታመሻለሽ? ለምን አላገባሽም? በጨለማ በር ላይ ያስቆማችኋት ልጅ ምን ሊያጋጥማት እንደሚችል ግን አታስቡም። የራሳችሁ ልጅ ሌላ ከተማ ተመድባ ብትሠራ፣ ወይም ቤሩትና ዱባይ የሰው ቤት ብታድር፣ እንዲህ እንዲያደርጓት ትወዳላችሁ?

ወንዱ ሲመጣ «ለላጤ አላከራይም» እንላለን። አግብቶ ሲመጣ «ልጅ አላችሁ ወይ?» እንላለን። ልጅ ካለው «ልጅ ውሃ ያባክናል፣ ግድግዳ ያቆሽሻል» ብለን እንመልሰዋለን። ከዚያ ዞረን «ለምን አታገባም? ለምን አትወልድም?» ብለን የምንጠይቀውም እኛው ነን። ይህን የሰማ ወጣት ቢስቅብን ይፈረድበታል?

ማስወጣት ስንፈልግ ደግሞ ሰበባችን የታወቀ ነው። «ልጄ ከውጭ ሊመጣብኝ ነው።» «ቤቱን ላድስ ነው።» የመጣ ልጅ የለም፣ የታደሰም ቤት የለም። ደላላው «ከዚህ የተሻለ የሚከፍል አለ» ስላለን ነው። ተከራዩ እንደገና ለደላላ ይከፍላል፣ ለጭነት ይከፍላል፣ የስድስት ወር ቅድሚያ አምጣ ይባላል። ችግኝ በየስድስት ወሩ እየነቀሉ ቢተክሉት ሥር አይሰድም፤ ሰውም እንዲሁ ነው። ጎረቤቱን ሳይተዋወቅ፣ የሱቁ ባለቤት ሳይለምደው፣ እንደገና ወደማያውቀው ሰፈር።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥሩ 1320፣ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ውል በጽሑፍ ይሁን ይላል፣ ይመዝገብ ይላል፣ ከሁለት ዓመት አይነስ ይላል፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥ ይላል፣ ጭማሪም አከራይ በተነሳበት ቀን ሳይሆን ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው ልክ ይሁን ይላል። እኛስ ምን አደረግን? ለወረዳው አንድ ውል፣ ለኪሳችን ሌላ ውል መጻፍ ተማርን። በወረቀቱ ላይ 3 ሺህ፣ በእጅ 6 ሺህ። ልጁም ቤት እንዳያጣ ፈርቶ በሐሰት ይፈርማል። ውሸትን ያስተማርነው እኛ ነን። «ወጣቱ ታማኝነት የለውም» ብሎ ለመናገር ከእንግዲህ በምን አፋችን?

ከመካከላችሁ «መንግሥት በገዛ ቤቴ ምን አገባው?» የሚል አለ። እንዲህ የሚለው ሰው 1967ን ረስቷል። እኔ አልረሳሁም። ያን ጊዜ ጎረምሳ ነበርኩ። አብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው በሰው መሬት ላይ፣ በሰው ቤት ይኖር ነበር። ባለቤቶቹ ሲፈልጉ ይጨምራሉ፣ ሲፈልጉ ያስወጣሉ፣ «ንብረቴ ነው» ይሉ ነበር። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ታወጀ። የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ሰው ከሚኖርበት በላይ ያለው ቤት «ትርፍ ቤት» ተብሎ ተወረሰ፤ ለመኖሪያ ቤት መሥሪያ የሚፈቀደው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተደረገ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ከእኛ ብዙዎቻችን ያደግነው፣ ያገባነው፣ ልጅ ያሳደግነው በእነዚያ የቀበሌ ቤቶች በጥቂት ብር ኪራይ ነው። ሌሎቻችን ደግሞ አባቶቻችን ላባቸውን አፍስሰው የሠሩትን ቤት ሲነጠቁ አይተን ያለቀስን ነን።

ያንን አዋጅ ላወድስ አይደለም የተነሳሁት። በጉልበታቸው ያፈሩ ሰዎችን ንብረት ከሌላው ጋር ደባልቆ ወስዷል። የተወሰዱት ቤቶችም ጠጋኝ አጥተው ጭቃቸው እየረገፈ፣ ጣሪያቸው እየተቀደደ አርጅተዋል። የማስታውሳችሁ ሌላ ነገር ነው። አዋጁ በታወጀበት ጊዜ ለባለቤቶቹ የቆመላቸው ጎረቤት አልነበረም። ተከራያቸው አላለቀሰላቸውም። እንዲያውም ብዙው ሰው ሰልፍ ወጥቶ ጨፈረ። ለምን? አብረው እየኖሩ አብረው ስላልነበሩ ነው። ከግፍ በኋላ የሚመጣ ሕግ ግፈኛውን ከደጉ አይለይም፤ ሁሉንም ይጠርጋል። በዚያ ዘመን ደግ አከራይም ነበረ፤ እሱም አብሮ ተወረሰ። የዛሬው አዋጅ 1320 ግን ለስላሳ ነው። ይህንን በውሸት ውል ካፌዝንበት ቀጥሎ የሚመጣው እንዲህ ለስላሳ እንዲሆን ምን ዋስትና አለን?

ዋስ ካልኩ አይቀር ስለ ዋስ ልናገር። ወጣቱ ሥራ ሲያገኝ ቀጣሪው ተያዥ አምጣ ይለዋል። በተለይ ገንዘብና ዕቃ በሚነካ ሥራ ላይ ያለ ተያዥ መቀጠር የለም። ከክፍለ ሀገር የመጣ ልጅ በዚህ ከተማ ቤት ያለው ዘመድ ከየት ያመጣል? የሚያውቀው የከተማ ትልቅ ሰው አከራዩን ነው። አከራዩ ደግሞ «እኔ በሰው ጣጣ አልገባም» ይለዋል። የነዋሪነት መታወቂያም እንደዚሁ ነው። መሸኛውን ይዞ ይመጣል፤ ወረዳው የምትኖርበት ቤት ባለቤት ያረጋግጥልህ ይለዋል፤ እኛ ግን «ነገ ቤቱ የእኔ ነው ይለኛል» ብለን እንቢ እንላለን። ግብር እንዳይመጣብን የፈራንም አለን። መታወቂያ የሌለው ሰው በከተማው ውስጥ የለም ማለት ነው። የአንድ ፊርማ ነገር ነው፤ ያችን ፊርማ ነፍገን የልጁን ሕይወት እናቆመዋለን። የእድሩ ጸሐፊ ሆኖ አርባ ዓመት ማኅተም ሲመታ የኖረ ሰው ለአንድ ልጅ ፊርማ ሲፈራ ያሳዝናል።

እናንተም እውነት አላችሁ፤ አልክድም። ጡረታችን መድኃኒት እንኳ በቅጡ አይገዛም። ብዙዎቻችን የምንበላው ከዚያች ሰርቪስ ቤት ኪራይ ነው። የሦስት ወር ኪራይና የመብራት ሒሳብ ሳይከፍል ሌሊት የጠፋ ተከራይም አለ፤ በር ሰብሮ የሄደም አለ፤ ሲሰክር ግቢ የሚያውክም አለ። ቆርቆሮውም፣ ቀለሙም፣ የቧንቧ ሠራተኛውም ተወድዷል። በነጻ አኑሩ አላልኩም። ኪራይ አትጨምሩ አላልኩም። የምለው የታወቀ ይሁን፣ የተጻፈ ይሁን፣ ልጁ ዓመቱን አስቦ የሚያድርበት ይሁን ነው። በየሰበቡ አዲስ ተከራይ የሚያስገባ ሰው፣ ባዶ የከረመበትን ወርና የደላላውን ድርሻ ቢደምር፣ አንዱን ታማኝ ልጅ ይዞ ከቆየው ጎረቤቱ ብዙም አያተርፍም። ጠፍቶ የሚሄደውም አብዛኛውን ጊዜ ማንም የማያውቀው፣ እሱም ማንንም የማያውቅ ሰው ነው። ሰፈሩ የሚያውቀው፣ እድር የገባ፣ ዋስ የተጠራለት ልጅ ሌሊት አይጠፋም።

«ኮንዶሚኒየም ይድረሰውና ይውጣ» የምትሉም አላችሁ። በ2005 ዓ.ም. ሲመዘገቡ ሃያ ዓመት የሞላቸው ልጆች ዛሬ ሠላሳን አልፈዋል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ነው ተመዝግቦ ሲቆጥብ የኖረው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ወጥቶ፣ ስሙን ያየ ሰው እልልታውን ሳይጨርስ፣ በኮምፒዩተሩ ሥርዓት ላይ ማጭበርበር ተገኘ ተብሎ ዕጣው ተሰረዘ። በተስፋ የቆየውን ሰው ልብ ምን እንዳደረገው አስቡ። ቤት እየጠበቀ ወጣትነቱ በሰው ግቢ ያለቀ ትውልድ ነው። ለዚህ ትውልድ ቤት ማለት እኛ የምናከራየው ቤት ነው፤ ሌላ የለውም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። የእድራችንን መዝገብ ግለጡት። የአባላቱን ዕድሜ እዩ። ጥሩንባ ነፊያችን ራሱ ምርኩዝ ይዟል። ድንኳን ተሸካሚ የነበሩት ጎልማሶች ዛሬ ድንኳን ሥር ተቀምጠው የሚጠብቁ ሆነዋል። ልጆቻችን አሜሪካና አውሮፓ ናቸው፤ ለቀብር የሚደርስ ደረሰ፣ ያልደረሰም ገንዘብ ልኮ በስልክ አለቀሰ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ብዙ የቆዩ ሰፈሮች ተነስተዋል። ፒያሳና አካባቢዋ የነበሩ፣ አያት ቅድመ አያታቸውን የቀበረ እድር የነበራቸው ሰዎች በየአቅጣጫው ተበትነዋል። ከመካከላችን የተነሳ ሰው ካለ ጎረቤት ማጣት ምን እንደሆነ ያውቀዋል። በአዲሱ ሰፈር ማን ሞተ፣ ማን ታመመ ሳያውቁ ማደር። ወጣቱን በየስድስት ወሩ የምናኖረው በዚህ ኑሮ ውስጥ ነው።

ታዲያ እድሩን የሚረከበው ማን ነው? መተዳደሪያ ደንባችን ተከራይን አይቀበልም፤ ቢቀበልም ከነባሩ አባል ጋር የሚያስተካክለውን የመግቢያ ገንዘብ በአንድ ጊዜ አምጣ ይለዋል። 120 ብር ለቀን የሚተርፈው ልጅ ያንን ከየት ያመጣል? ባለፉት ዓመታት በኪራይ ቤት ውስጥ የሞተ ወጣት የአስከሬን መኪና የሚከራይለት ጠፍቶ ጓደኞቹ በየቢሮው ሲለምኑ አላያችሁም? ድንኳናችን በመጋዘን ተቆልፎ ነበር። «አባል አይደለም» ብለን ነው። ያን ዕለት በግቢው በር ላይ ቆመው ያዩን ጓደኞቹ እኛ ስንሞት ይመጣሉ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ?

እድር የቆመው በሀብት አይደለም። ከየክፍለ ሀገሩ መጥተው ዘመድ ባልነበራቸው ሰዎች መካከል ዘመድ ለመሆን ነው የቆመው። አባቶቻችንም ሲገቡ የመጡ ሰዎች ነበሩ። የዛሬው ተከራይ የትናንቱ አባታችን ነው። እሱን ከውጭ አቁመን በራችንን ከዘጋን የአባቶቻችንን እድር አፈረስነው ማለት ነው፤ ብር በባንክ ቢኖረውም።

ወጣቱ ከእኛ ተስፋ ሲቆርጥ የሚሄድበት አያጣም። ፓስፖርት ለማውጣት የሚሰለፈውን ልጅ ብዛት ሄዳችሁ እዩ። በሕጋዊ መንገድ የሚሄድ አለ፤ በበረሃና በባሕር የሚሄድም አለ። የማይሄደውም በልቡ ሄዷል፤ ሰፈሩን እንደ ማደሪያ ብቻ ይቆጥረዋል። አይሰርቅም፣ አይሳደብም፣ ግን አይጠይቀንም። እኔ ከሚሰድበኝ ልጅ ይልቅ የማይጠይቀኝን እፈራለሁ።

ስለዚህ እንዲህ እላችኋለሁ። የምታከራዩ ሁሉ ውላችሁን በጽሑፍ አድርጉ፤ በወረቀትም በእጅም አንድ ይሁን፤ ሁለት ዓመት ይቆይ፤ ቅድሚያ ከሁለት ወር በላይ አትጠይቁ። ልጁን መታወቂያ እንዲያወጣ አረጋግጡለት። ጠባዩን ያያችሁትን፣ ዓመት የኖረላችሁን ልጅ ተያዥ ሁኑት። ማታ ለምትሠራ ልጅ የበሩን ቁልፍ ስጧት። ውሃ ሲመጣ ለእሱም ይድረሰው። እናንተ የእድር ዳኞች በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ደንቡን አሻሽሉ፤ ተከራይ በወር መዋጮ ብቻ ይግባ፤ የመግቢያው ገንዘብ በየወሩ ይከፋፈልለት፤ ቤት ቢቀይር እንኳ አባልነቱ አይሰረዝበት። ጸሐፊነቱንም ለአንድ ወጣት ስጡ፤ መዝገቡን በስልኩ ይይዝላችኋል።

ይህን ያልኩት ለወጣቱ አዝኜ ብቻ አይደለም። ለራሳችንም ነው። ጊዜያችን አጭር ነው፤ ይህን ማስተካከል የምንችለውም እጃችን መፈረም፣ አፋችን መናገር እስከቻለ ድረስ ነው። ቤታችሁ ስትገቡ፣ በግቢያችሁ ያለውን ልጅ በሩን አንኳኩና ስሙን ጠይቁት፤ የሚያስቸግረውንም ይንገራችሁ። ነገ ሳትሉ ዛሬ ማታ አድርጉት።